ስለ ልጆች የደንገል ሰይፍ

የአያቱን ሰይፍ ከግድግዳ ተሰቅሎ እያየ የሚያድግ ልጅ፣ ጨዋታው ሰይፍ መማዘዝ ቢሆን አያስደንቅም። እኛም በባሕር ዳር፣ ከጣና አጠገብ ተቀምጠን ሳለን፣ ሁለቱ ልጆቻችን በደረቅ እንጨት ሲማዘዙ ታናሹ ቅንድቡን ተመታ፤ ዓይኑም ለጥቂት ተረፈ። ተቈጥተን እንጨቱን ሰበርንና ጨዋታውን ከለከልን። ነገር ግን በማግሥቱ፣ ከፊተኛው የወፈረ ዱላ ይዘው በጓሮ ተሸሽገው አገኘናቸው። መከልከል ብቻ እንደማይበቃ ያን ጊዜ ተረዳን።

ከባሕሩ ዳር የሚበቅለው ደንገል ውስጡ ነጭና ለስላሳ ነው፤ ሲደርቅም እጅግ ስለሚቀል ታንኳ ይሠሩበታል። ስለዚህ ጫፉ የተድቦለቦለ ቀጭን ቀርከሃ ከመካከል አድርገን፣ ደረቅ ደንገል በዙሪያው አሰርን፤ ደንገሉንም ከቀርከሃው ጫፍ አራት ጣት አሳልፈን በጨርቅ ሸፈንነው። በውጭ አገር ለዚሁ ጨዋታ ሰይፉን በስፖንጅ ይሸፍኑታል፤ ብልሃቱ ግን አንድ ነው።

ለልጆቹ ከመስጠታችን በፊት የገዛ ክንዳችንን መታንበት። ፊትና አንገት እንዳይመቱ፣ በጫፉም እንዳይወጉ ሕግ አወጣንላቸው። ታናሹ አስቀድሞ የመታው ግን እንጨቱን የሰበርነውን እኛን ነው። አላመመንም፤ ይልቁንም ደስ አለን። ወላጆች ሆይ፣ ጨዋታውን ከማጥፋት ጕዳቱን ማራቅ ይሻላል።