የሰይጣን ደረጃ

«ከፍሎ የሚንከራተት ሰው ገና ዛሬ አየሁ!» ብላ ባለቤቴ ስትስቅብኝ እውነቷን ነበር። እኛ በእግር የሄድነው ለጉዳይ ነው፤ ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ አለዚያም ለሽሽት። ግላስጎው ተወልዳ ያደገችው ልጄ ግን ባለፈው ነሐሴ «አባዬ፣ ዌስት ሃይላንድ ዌይን አብረን እንሂድ» አለችኝ። ከግላስጎው ደጃፍ ከሙልጋይ ተነስቶ ፎርት ዊልያም የሚያደርስ የ96 ማይል የእግር መንገድ ነው። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው እምቢ ቢል ያምርበት ነበር፤ የልጅ ነገር ሆነብኝና እሺ አልኩ።

በስድስተኛው ቀን ከኪንግስሃውስ ወደ ኪንሎክሌቨን ተነሳን። ርቀቱ 9 ማይል ያህል ነው፤ ዝናቡ ግን ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። የኛ አገር ዝናብ አጓርቶ፣ ወርዶ፣ ይበቃዋል። የስኮትላንዱ እንደ ክፉ እንግዳ ነው፤ ድምፁን ሳያሰማ ገብቶ አልወጣም ይላል። መጀመሪያ ጫማዬ፣ ቀጥሎ ካልሲዬ፣ በመጨረሻም «ውኃ አያስገባም» ተብሎ የተሸጠልኝ ካፖርት ራሰ። ነፋሱ ጋብ ሲል ደግሞ ትንኙ ይነሳል።

የወጣነው ዳገት «የሰይጣን ደረጃ» ይባላል። በ1750 ወታደሮች የሠሩት ጠመዝማዛ መንገድ ሲሆን ጫፉ 548 ሜትር ነው፤ ከጉዞው ሁሉ ከፍተኛው ቦታ። «ደብረ ታቦር ላደገ ሰው ይህ ቆላ ነው» ብዬ ቀልጄ ነበር። ግማሹ ላይ ቀልዴን ዋጥኩት።

ጫፉ ላይ ቋጥኝ ተጠግተን ከፔርሙስ ሻይ ስንቀዳ ጉሙ ለአፍታ ተገለጠና በስተምሥራቅ ረጅም ውኃ ታየ። የብላክወተር ግድብ ነው። ልጄ ያነበበችውን ነገረችኝ። ከ1905 እስከ 1909 የተገነባው ለኪንሎክሌቨን የአሉሚኒየም ፋብሪካ ኃይል ለመስጠት ነው። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ እንጀራ ፍለጋ ከአገራቸው የወጡ አይሪሾች ነበሩ። አንዳንዶቹ ኪንግስሃውስ መጠጥ ቤት ደርሰው ሲመለሱ ብርዱ መንገድ ላይ አስቀርቷቸዋል። ግድቡ አጠገብ በሲሚንቶ ምልክት የቆመላቸው መቃብር አለ፤ በአንዱ ላይ የተጻፈው «ያልታወቀ» የሚል ብቻ ነው።

«ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ ጠፋ?» አለች።

ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። በ1977 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርናን ሸሽተን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ስንወጣ ሁለት ነበርን። ሌሊት እንሄዳለን፤ ቀን ጫካ ውስጥ እንደበቃለን። ጓደኛዬን ወባ ጣለው፤ በአራተኛው ቀን አረፈ። በዱላና በእጄ አፈሩን ጭሬ ቀበርኩትና ድንጋይ ከምሬበት ሄድኩ። ገዳሪፍ ስደርስ ለእናቱ «ድንበር ላይ ተለያየን፤ በሌላ መንገድ ሄዷል» ብዬ ላክሁ። መርዶ ነጋሪ መሆን ከብዶኝ ነው። እያደር ግን ውሸቱ ከመርዶው ከበደ። እናቱ ደጅ ደጁን ሲያዩ ኖረው አረፉ። የዚያን አይሪሽ ስም የሚያውቅ አልነበረም ይሆናል፤ የኔን ጓደኛ ግን ያልታወቀ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ዝናቡ እየወረደብን ይህንን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ብዙ አልተናገረችም። «ቤተሰብ ቀርቶለታል?» አለች። ታናሽ እህቱ ጎንደር አለች አልኳት። ፔርሙሱን ዘጋችና «እንውረድ አባዬ፣ በረደህ» አለችኝ።

ኪንሎክሌቨን ገብተን ካልሲያችንን ማሞቂያው ላይ ስናሰጣ ጎንደር ላለው አጎቴ ደወልኩ። መርዶ በስልክ አይነገርምና፣ ሽማግሌዎች ማልደው ሄደው አረዷት። በሦስተኛው ቀን እሷው ደወለችልኝ። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ድንጋይ ከምረህበታል?» አለች።

«አዎ» አልኳት።

«እንግዲያ አውሬ አላገኘውም» አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ወገኖቼ፣ በሱዳን በረሃም በሌላውም መንገድ ጓደኛ ቀብራችሁ የመጣችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ እንደኔ «ተለያየን» ብላችኋል። ደጅ ደጁን የሚያይ ሰው ገና አለና፣ እባካችሁ ሽማግሌ ላኩ።