ዶሮዋ፣ ልጁና ወንዙ

ጎፋ ውስጥ ሆዱን የታመመ ሰው ሳይመረመር ስም ይወጣለታል፦ «ታይፎይድ ነው»። ታክሲ ሰልፍ ላይም፣ ቡና ላይም፣ ቢሮም ያው ነው። ክሊኒክ ሄደን ደም ሰጥተን፣ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብለን መድኃኒት ይዘን የተመለስን ብዙ ነን።

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዊዳል የሚባለው ምርመራ ነው። ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ባክቴሪያውን ራሱን አያይም፤ የሚያየው ሰውነታችን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ ደግሞ ከድሮ ሕመም የቀረ ወይም በሌላ ባክቴሪያ የመጣ ሊሆን ይችላል። እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። በእኛ ቤት ይሄ የአምና ሎግ አንብቦ የዛሬውን ችግር እንደመናገር ነው። የታይፎይድ ባክቴሪያ የሚኖረው ሰው ውስጥ ብቻ ነው። ሁሉን ነገር ታይፎይድ ስንል ከዶሮው፣ ከከብቱና ከወንዙ የሚመጣውን ሌላውን ሁሉ ከዓይናችን እንጋርዳለን።

ነገሩን በደንብ እንዳስብበት ያደረገኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዓመት ሊሞላው ሲል ተቅማጥ ይመላለስበት ጀመር። ሲሻለው ደስ ይለናል፣ በሳምንቱ እንደገና። ክብደቱም አልጨምር አለ። እህቴ ውሃ ታፈላለች፣ ዕቃውን ትቀቅላለች፤ ቢሆንም «ንጽሕናውን አትጠብቅም እንዴ?» የሚል ወሬ አልቀረላትም። ያ ወሬ ከልጁ ሕመም እኩል ያስለቅሳት ነበር። እኔም ሥራ ላይ እንደማደርገው መንገዱን ከመጨረሻው ወደ ኋላ መከተል ጀመርኩ። አፉ የሚገባው ምንድን ነው? ጣቱ። ጣቱ የሚነካው? መሬት። መሬቱ ላይ ማን ይውላል? የእማዬ አራት ዶሮዎች።

ካምፒሎባክተር የሚባል ባክቴሪያ አለ። ዶሮ አንጀት ውስጥ በብዛት ይኖራል፤ ዶሮዋን ግን ብዙ ጊዜ አያሳምማትም። ሰውን ለማሳመም ጥቂት መቶዎቹ ሊበቁ ይችላሉ። ለመራባት ኦክስጅን ያነሰበት አየር ስለሚፈልግ በተለመደው የላቦራቶሪ አያያዝ አይገኝም። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲና የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በምሥራቅ ሐረርጌ ዓመት አካባቢ የሆናቸውን 102 ሕፃናት ሲመረምሩ ግማሾቹ ላይ አግኝተውታል። እነዚያ የገጠር ልጆች ናቸው፤ ልጅና ዶሮ አንድ ግቢ የሚጋሩበት ቤት ግን እኛም ሰፈር አለ። የእኛን ልጅ ያመመው እሱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለዚያ አልተመረመረም። መንገዱ ግን ክፍት ነበር።

«ዶሮዎቹ ይሸጡ» የሚል ሐሳብ ሲነሳ እማዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «እንቁላሉን ማን ሊገዛለት ነው?» መልስ አልነበረንም። ክብደት ለማይጨምር ልጅ እንቁላል ቀልድ አይደለም። ስለዚህ በወንፊት ሽቦና በአሮጌ ቆርቆሮ አጥር ሠራን፣ ለልጁ የራሱ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ጫማ በር ላይ መቅረት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ቀለል ብሎታል። በአንድ ልጅ ሳይንስ አይሠራም፣ አውቃለሁ። እህቴ ግን እንቅልፍ አግኝታለች።

አጥሩ የሚያቆመው ግን ዶሮ ብቻ ነው። ቄራ ጎረቤታችን ነው። ከብት አንጀት ውስጥ ሰውን ክፉኛ የሚያሳምም የኢ ኮላይ ዓይነት ሊኖር ይችላል፤ የእርድ ቤት ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ባክቴሪያውም አብሮ ይገባል። ትንሹ አቃቂ የሰፈሩን መጸዳጃ ቤትም፣ የጋራዡንም፣ የፋብሪካውንም ይዞ ይወርዳል። በመካኒሳና በላፍቶ በኩል በዚሁ ውሃ ሰላጣና ቆስጣ ይለማል፤ አትክልቱም ተመልሶ ገበያችን ይመጣል። በጾም ቀን የምናዝዘው ሰላጣ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው። ውሃውን ያቆሸሸው ግን እሱ አይደለም፤ ከላይ ያለነው እኛ ነን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1958 እ.ኤ.አ. ስለ ዓይነ ምድር አወጋገድ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ መሐንዲሶች ይህን መንገድ በሥዕል አስቀምጠውት ነበር። ዓይነ ምድር በውሃ፣ በእጅ፣ በዝንብና በአፈር በኩል ምግብ ይደርሳል፣ ከምግብ ወደ አፍ። ሥዕሉን ሳየው የገረመኝ ነገር አለ፦ መንገዶቹ ብዙ ናቸው፣ መነሻው ግን አንድ ቦታ ነው። እዚያ ላይ ከተዘጋ አብዛኛው ይዘጋል። እኛ ግን ሁሌ የምንመክረው መጨረሻ ላይ ያለችውን እናት ነው። እጅሽን ታጠቢ፣ ሰላጣውን እጠቢ፣ ውሃውን አፍዪ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ ሲገባም በየሬዲዮው የሰማነው ይህንኑ ነበር። ምክሩ ትክክል ነው። እጅ መታጠብ ሕይወት ያድናል። ብቻ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ጄሪካን ቆጥራ የምትኖርን ሴት «አትታጠብም» ብሎ ማማት ነውር ነው።

ወንዙ ደግሞ ጎፋ ላይ አይቆምም። ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛል፣ ከዚያ አዋሽ ይገባል። እኛ ከላይ ካሉት የተቀበልነውን፣ የራሳችንን ጨምረን፣ ለታች ሰፈር እንሰጣለን። እዚያም ዳዴ የሚል ልጅ አለ። እናቱም ውሃ ታፈላለች።