የአራሚዋ ጠረጴዛ

ከባርባራ ፒም ጋር ያገናኘኝ የልብ ወለድ ፍቅር አይደለም፤ የከፋ ንጉሥ ነው። ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ፣ ሀንቲንግፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ስለ ኦሮሞና ስለ ከፋ መንግሥት ጽፎ በ1955 ለንደን ላይ የታተመለትን መጽሐፍ አገላብጥ ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ትቻቸዋለሁ። ወደ እኛ ብመልሳቸው እንግሊዞቹ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያልቅ ስለ ሻይ ልብ ወለድ ሊያሳትሙብኝ ነው።) ያኔ እንጀራዬ እርማት ነበርና፣ መጽሐፍ ስይዝ ዓይኔ የሚሄደው ሌላው ሰው ወደሚዘለው ገጽ ነው። አሳታሚው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ ኢንስቲትዩት ይላል። ኮማውን ማን እንደለቀመ ግን የትኛውም መጽሐፍ አይነግራችሁም።

ከዓመታት በኋላ አንዲት ወዳጄ «ኤክሰለንት ዊመን» የሚባል ልብ ወለድ አዋሰችኝ። የ1952 መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ ባርባራ ፒም ማን ናት ብዬ ብጠይቅ፣ ከ1946 ጀምሮ በዚያው ኢንስቲትዩት ተቀጥራ «አፍሪካ» የተባለውን መጽሔት በረዳት አርታኢነት ታዘጋጅ የነበረች ሴት ሆና ተገኘች። ኮማ ለቃሚዋን ሳልፈልጋት አገኘኋት ማለት ነው።

ርእሱን «ምርጥ ሴቶች» ብለው የሚተረጉሙት ይኖራሉ፤ እኔ አልስማማም። እኛ ዘንድ «ባለሙያ ናት» የሚባል ሙገሳ አለ። ሴትዮዋ ሙገሳውን ሰምታ ሳትጨርስ ወደ ጓዳ ተመልሳ ድስቱን ታማስላለች። የፒም ሴቶች እንደዚያ ናቸው። ሚልድሬድ ላትበሪ የቄስ ልጅ፣ ሠላሳን ጥቂት ያለፈች፣ ያላገባች፤ ስለዚህም የሰው ሁሉ ሸክም የእሷ ነው። ሰው ሲጣላ ታስታርቃለች፣ ሰው ሲለቅ ዕቃ ታስጭናለች።

ከሥሯ ያለውን ቤት ናፒየር የሚባሉ ባልና ሚስት ተከራዩት። ሚስቲቱ ሄለና አንትሮፖሎጂስት ናት፤ ባልየው ሮኪ መልከ መልካም የባሕር ኃይል መኮንን። መታጠቢያ ቤቱ የጋራ ነው። ገና ሳይተዋወቁ ሚልድሬድን የሚያሳስባት ምን መሰላችሁ? ሶፍቱን የሚገዛው ማን ነው የሚለው ጉዳይ። የሦስት ሰው ሶፍት በአንድ ሰው ጫንቃ! ደባል ሆኖ የኖረ ሰው እዚህ ላይ የሚስቀው ሳቅ ከሌላው አንባቢ ይለያል።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ሮኪ የመጣው ከኔፕልስ ነው። ፒም በጦርነቱ ጊዜ በባሕር ኃይል የሴቶች ክፍል አገልግላ፣ በ1944 ወደዚያ ተልካ ነበር፤ እንዲህ ያለ አንደበተ ለስላሳ መኮንን እዚያ ሞልቶ ተርፏል። የሰፈሩ ድባብ ከፒምሊኮ ነው፤ ከእህቷ ከሂላሪ ጋር የኖረችበት የለንደን ሰፈር። ዋናው ግን ጠረጴዛዋ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ስለ ሩቅ ሕዝብ ዘመድ አቆጣጠርና ሥርዓት የተጻፈውን ታርማለች። ቢሮ ትጋራት የነበረችው ሄዘል ሆልት እንደምትለው፣ በዓይን ላላዩዋቸው ጸሐፊዎች ሁለቱ የሕይወት ታሪክ ይፈጥሩላቸው ነበር። ማታ ፒም ያንኑ መነጽር በሰበካዋ ሴቶች ላይ ታደርገዋለች። ሊቃውንቱ አፍሪካ ድረስ ሄደው የሚፈልጉት ሥርዓት፣ ለእሷ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ለምሳሌ በልብ ወለዱ ውስጥ ለገና ባዛር ስብሰባ ተጠርቷል። እራት ተበልቷል፤ ከሰበካው ሴቶች አንዷ ሚስ ስታተም ያንን ከባድ የሻይ ማንቆርቆሪያ ትሞላለች። ሚልድሬድ ደክሟት ይሁን ሰይጣን ገፋፍቷት፣ አሁን ይሄ ሻይ የግድ ነው ወይ የሚል ነገር አመለጣት። ሴትዮዋ ተቀየመች፤ የተነካው ሻዩ ሳይሆን መሠረቱ ነው። መጽሐፉ ሲወጣ እንግሊዝ ውስጥ ሻይ ገና በራሽን ነበር፤ ነጻ የወጣው በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው። እኔም አንድ ጊዜ አክስቴ ሦስተኛውን ቡና ልትቀዳ ስትል «እትዬ፣ በረካው ይቅር» ብዬ አውቃለሁ። መልስ አልሰጠችኝም፤ ቀዳች።

ሥጋው እስከ 1954 በራሽን ቆይቷል። ኤቨራርድ ቦን የተባለው ኮስታራ አንትሮፖሎጂስት ደውሎ፣ ሥጋ አግኝቻለሁና እራት ነዪ ይላታል። ሚልድሬድ የታያት ግብዣው አይደለም፤ ምድጃ ፊት ቆማ ሥጋውን ስትጠብስ ነው። እምቢ አለች፤ ከዚያ ሌሊቱን ስትጸጸት አደረች። ኋላ የሄደች ዕለት ደግሞ የመጽሐፉን እርማትና የቃላት ማውጫ እንድትሠራለት ለመናት። የፍቅር ጥያቄ በማውጫ የቀረበበት ሌላ ልብ ወለድ አላውቅም። በፒም ቀጣይ መጽሐፍ ውስጥ፣ በሰው ሐሜት መሃል፣ እንደ ተጋቡ እንሰማለን።

ፒም ራሷ አላገባችም። በ1963 አሳታሚዋ ጆናታን ኬፕ አዲሱን ሥራዋን መለሰባት፤ ባለቅኔው ፊሊፕ ላርኪንና ሐያሲው ሎርድ ዴቪድ ሲሲል በ1977 ያለ ተገቢው ክብር የቀረች ደራሲ ብለው እስኪያነሷት ድረስ አሥራ አራት ዓመት የሚያሳትምላት አጣች። በመሃሉ ሌት ትጽፋለች፣ ቀን የሰው ኮማ ትለቅማለች። ጡረታ የወጣችው በ1974 ነው። ኢንስቲትዩቱ በዚያው ዓመት ስለ አማራና ስለ ትግርኛ ተናጋሪዎች አንድ መጽሐፍ አወጣ። ስድስት ኪሎ ሄጄ ላየው አስቤያለሁ፤ ከኋላ፣ ከማውጫው እጀምራለሁ።