ካሜራው ወይስ ኮተቱ?

ዲላ ከተማ፣ አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ጥያቄው የመጣብኝ። ጠያቂው ዕድሜው ከሃያ ብዙም ያልዘለለ ወጣት ነው። አንገቱ ላይ ያንጠለጠላት ካሜራ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር የኖረች መሆኗን የነተበው ማንገቻዋ ይናገራል። በምረቃ ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችን፣ በሰርግ ወራት ሙሽሮችን እያነሳ ነው የሚኖረው።

«ጋሼ፣ ዕቁብ ሊደርሰኝ ነው» አለኝ። «ካሜራዬን በአዲስ ልለውጥ? ወይስ ሌንስና ትራይፖድ ምናምን ልግዛበት?»

ወዲያው አልመለስኩለትም። ይህ ጥያቄ ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኔም ነበር። የመለስኩትም በስህተት ነው።

የዚያን ጊዜ ዕቁቤ ሲወጣ ገንዘቡን በሙሉ አዲስ ካሜራ ላይ አዋልኩት። አብሮት ከሚሸጠው ተራ ሌንስ በቀር የጨመርኩት ነገር የለም፤ መለዋወጫ ባትሪ እንኳ አልገዛሁም። ከዚያም ከአዲስ አበባ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ዲላን አልፌ ይርጋጨፌ አካባቢ ወደሚኖሩት አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ሐሳቤ እሳቸውን ምድጃቸው ዳር አንስቼ፣ ትልቅ አሳጥቤ ላመጣላቸው ነበር።

የጌዴኦን ጓሮ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቡናው ከእንሰቱ ሥር፣ እንሰቱ ከዋንዛና ከብርብራው ሥር ነው የሚያድገው። በመስከረም 2016 ዓ.ም ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው መልክዓ ምድር ይኸው ነው። ለዓይን ያማረ፣ ለፎቶ አንሺ ግን ፈተና ነው፤ በቀትር እንኳ ብርሃን በልመና ነው የሚገባው። ቤት ውስጥ ሲገባማ የባሰ ነው።

አክስቴ ቡና ያፈላሉ፣ እኔ አነሳለሁ። የካሜራው መዝጊያ ቀስ ብሎ እንዲከደን ሳደርገው እጄ ተንቀጥቅጦ ምስሉ ይደበዝዛል። ፍላሹን ሳበራው ፊታቸው ከወረቀት እንደተቀደደ ነጭ ይሆናል። ስሞክር፣ ስሞክር ባትሪው አለቀ። መብራት ደግሞ የለም።

«ተወው ልጄ፣ ሌላ ጊዜ ታነሳኛለህ። ይልቅ ቡናው ሳይበርድ ጠጣ» አሉኝ።

ሌላ ጊዜ የሄድኩት ለለቅሶ ነው። ዘመድ «አንተ ፎቶ አንሺ አይደለህ? ድንኳን ውስጥ የምናስቀምጠው ምስል ስጠን» አለኝ። የነበረኝ 19 ብዥ ያለ ምስል ነው። በመጨረሻ ከቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶግራፍ ጎልታ ወጣች። እሷም ብዥ ያለች ነበረች። ቢሆንም ከእኔዎቹ ትሻላለች።

ስሌቱን ያሰላሁት ዘግይቼ ነው። የእኔ ሌንስ ወደ ፊት ሲያቀርብ የሚከፈተው እስከ 5.6 ነበር። እስከ 1.8 የሚከፈት ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ዋጋው ከአዲስ ካሜራ በብዙ የሚያንሰው፣ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አንድ ስድስተኛ ሰከንድ ይፈልግ የነበረው ፎቶ አንድ ስልሳኛ ሰከንድ ይበቃዋል ማለት ነው። በአሮጌው ካሜራዬ ላይ ይህን ሌንስና አንድ ትርፍ ባትሪ ብጨምር ኖሮ፣ አክስቴ ድንኳኑ ውስጥ በራሳቸው መልክ ይቀመጡ ነበር።

ይህን ለወጣቱ ከመስበክ ማሳየት ይሻላል ብዬ በማግስቱ ወደ ቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ይዤው ሄድኩ። ሊመሽ ሲል ፊት የተቀረጸበት አንድ ድንጋይ መረጥን። መጀመሪያ በካሜራው ፍላሽ አነሳው፤ ቅርጹ ጠፍቶ ድንጋዩ ልሙጥ ሆነ። ቀጥሎ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቆምን። መዝጊያው ለሁለት ሰከንድ ክፍት ሆኖ ሲቆይ፣ እኔ በተራ የእጅ ባትሪ ከጎን አበራሁለት። ዓይኑም አፍንጫውም ጥላ አበጅቶ ብቅ አለ። ልጁ ስክሪኑን አይቶ ዝም አለ። ትራይፖዱን ተሸክሞ ሲመለስ «አይከብድም?» ብለው «ለላም ቀንዷ አይከብዳትም» አለኝ።

እዚያው ጌዴኦ ውስጥ ሳካሮ ሶዶ ያሉት ትክል ድንጋዮች ወደ 2000 ዓመት እንደሚጠጋቸው በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አመልክቷል። ድንጋይ ፎቶ አንሺ እስኪማር ይጠብቃል። ሰው አይጠብቅም።

«ታዲያ ካሜራ አይለወጥም ማለት ነው?» አለኝ።

ይለወጣል እንጂ! መዝጊያዋ እየነከሰ ሰርግ መሐል የምታቆም ከሆነ ለውጣት፤ ሙሽራ ላንተ ብላ ዳግመኛ አታገባም። ኮተትም እንደ ካሜራ ያታልላል። አንድ ጊዜ ብቻ ያወጣኋቸው የቀለም ማጣሪያዎች ቦርሳዬ ውስጥ አሉ። ስለዚህ የመከርኩት ይህን ብቻ ነው፦ ያመለጡህን አሥር ፎቶዎች ጻፍ። ከእያንዳንዱ ጎን ለምን እንዳመለጠህ ጻፍ። ገንዘብህን ብዙ ጊዜ ለተደጋገመው ምክንያት አውጣ።

ደብተሩን አውጥቶ እዚያው ጀመረ። ሰባቱ «ጨለማ» የሚሉ ነበሩ።

ከወር በኋላ አንድ ፎቶግራፍ ላከልኝ። እናቱ ምድጃ ዳር ቡና ይቀዳሉ። እሳቱ ዓይናቸው ውስጥ ይታያል። ያነሳው በዚያችው ማንገቻዋ በነተበ ካሜራ ነው። ከሥሩ «ሁለት ባትሪ ይዤ ነበር» የሚል ጽፎበታል።