ልጅ ያቦካው ሥዕል

ተቀመጥ እንጂ ወዳጄ፣ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ መነሣት የት አገር ያየኸው ነው? ቶናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሲኤምሲ ልጅ «የሰፈርህን ታሪክ ተናገር» ቢባል ምን የሚል ይመስልሃል? እኔው ልመልስልህ፦ የሊፍቱን መበላሸት፣ የውሃውን ፈረቃ፣ የባቡሩን ግፊያ። ምን ያድርግ? ሰፈሩ ራሱ ስሙን ያገኘው እዚህ ቤት ከሠራ የጣሊያን ኮንትራክተር ነው። ነዋሪው ደግሞ ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ነው፤ አንዱ ከፒያሳ ተነሥቶ፣ አንዱ ከወሎ መጥቶ፣ አንዷ ዓረብ አገር ለፍታ ባጠራቀመችው ብር ኮንዶሚኒየም ገዝታ። እርሻው ሕንፃ ሆኖበት ዳር የቀረ ገበሬም አለ። ታሪክማ ሞልቷል፤ የጠፋው ጠያቂ ነው።

ለዚህ ነው ሰዓሊዎች ተማሪ ቤት ገብተው ከልጆች ጋር የሰፈርን ታሪክ በሥዕል ሲያወጡ ደስ የሚለኝ። ሰዓሊው እጁን ከሰበሰበ ነው ታዲያ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል አይደል? እርግጥ ለራት አይበቃም፤ ለግድግዳ ግን ይተርፋል። ልጁ አያቱን ከቤቱ አስበልጦ ሲስል፣ ሰዓሊው «መጠኑን ስተሃል» ብሎ ብሩሹን ከቀማው፣ ከዚያ ወዲያ የምናየው የሰዓሊውን አያት ነው።

መጠን ስል ትዝ አለኝ፤ ስጦታ ዕቃ ቤቶች ውስጥ የሚሰቀለውን የንግሥተ ሳባን ሥዕል ታስታውሰዋለህ? ብዙውን ጊዜ በ44 ቤት የተከፋፈለ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ እንደ መጽሐፍ ይነበባል፤ ከየቤቱ ጋር አጠር ያለ ጽሑፍ አለ። መጀመሪያ ዘንዶው ይመጣል፤ ሕዝቡ ሲገብርለት ይኖራል፤ አንድ ጀግና መርዝ የበላች ፍየል አብልቶ ይገድለዋል። ወረድ ስትል ንግሥቲቱ ከሰሎሞን ማዕድ ቀርባ ቅመም የበዛበት ምግብ ትበላለች፤ ሌሊት ውሃ ጥሙ ያቃጥላታል። የቀረውን ታውቀዋለህ፤ ልጆች ባሉበት አላወራውም! እዚያ ሥዕል ላይ ንጉሡ ከበሩ ቢበልጥ ማን ቅር ይለዋል? ፊደል ያልቆጠረም ከዳር እስከ ዳር ይከተለዋል። ይህ እያለልን የታሪክ አሳሳል ስልት ከባሕር ማዶ ማስመጣት ምን ይሉታል?

ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል፤ የራሳችንን ተረት ለልጆች ያደረሱ ሰዎችም አሉን። አባባ ተስፋዬን እንኳ ብናይ፣ ተስፋዬ ሣህሉ መጀመሪያ የመድረክ ሰው ነበሩ፤ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን እሳቸው ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አርባ ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ተረት ነገሩን። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም አሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኖ ሲሠራ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ቢያጣ፣ እናቶቻችን የሚነግሩንን የቂሉ ማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። ሥዕሉን የሠራው ቦጋለ በላቸው ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ በኋላም ሐዋሳ ላይ መጽሐፉን በአህያ ጋሪ እያስጫነ ልጆቹ ዘንድ አደረሰው። መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየምም የጭቃ ግድግዳውን እንዲያ አስጊጦ ሲያበቃ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት በግቢው አለው።

ለሲኤምሲ ምን ይደረግ ትለኛለህ? እኔ ብሆን መጀመሪያ ቀለም አላወጣም። ልጆቹ ወደ ቤት ሄደው ይጠይቁ፦ «እማማ፣ ወደዚህ ስትመጡ ምን ይዛችሁ ነበር?» አንዷ ምጣድ ትላለች፣ አንዷ የቅዱሳን ሥዕል፣ አንዷ ምንም። የግቢው ዘበኛም ይጠየቁ፤ መኪና ማቆሚያው ላይ ጤፍ ሲበቅል ያዩ ቢሆኑስ? ከዚያ የትምህርት ቤቱ አጥር እንደ ሳባ ሥዕል 44 ቤት ይከፈል፤ አንዱ ቤት ለአንድ ልጅ፣ ከሥሩም ልጁ በገዛ እጁ ይጻፍበት። ፊደል ቢገድፍም አይታረም፤ መምህሩ ለአንድ ቀን ቀዩን እስክሪብቶ ይዋጠው።

ቀለሙን ማን ይግዛ? አይ ወዳጄ! የስድስት ዓመት ልጅ ካባና ቆብ አልብሰን «ተመረቀ» ለማለት የምንከፍለው ብር፣ እንኳን አንድ አጥር መንገዱን እስከ አያት ቀብቶ ይተርፋል።