ከስድስት ኪሎ እስከ ደሴት፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ

ልጆች በፊልም ያዩትን ደሴት ሲጠይቁን ብዙዎቻችን የምናስበው ዛንዚባርን ነው። ቀጥሎ የአውሮፕላን ትኬቱ ዋጋ ይነሳና ወሬው በዚያው ያበቃል። ነገር ግን ከስድስት ኪሎ አደባባይ በማለዳ መኪና ያስነሳ ቤተሰብ ከምሳ በፊት ደሴት ላይ ሊቆም ይችላል። ዝዋይ ሐይቅ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ የሚባሉ አምስት ደሴቶችም አሉበት።

ዕቅዱ የሚጀምረው ከመኪናው ሳይሆን ከጀልባው ነው። ሐይቁ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ9 ሜትር ብዙም አይዘልቅም። እንዲህ ያለ ውሃ ነፋስ ሲመታው ቶሎ ይናወጣል፣ ነፋሱም ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ እስከ 8 ሰዓት ወደ ባቱ ከተማ ዳርቻ ተመልሶ መውረድ ይሻላል። ይህ እንዲሆን ከቤት የሚወጡት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የመንገዱን ሁኔታ በዋዜማው ያጣሩ። ለጀልባው ከመክፈልዎ በፊትም በልጆችዎ ልክ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን በዓይንዎ ይዩ፤ የአዋቂው ጃኬት ለትንሽ ልጅ አይሆንም።

የትኛው ደሴት? ትልቋና ታሪከኛዋ ቱሉ ጉዶ ናት። በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ጽላተ ሙሴን ይዘው የተጠለሉት በዚያ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል፤ ደብረ ጽዮን ማርያምም የምትገኘው እዚያው ነው። ይሁንና ጉዞው በሞተር ጀልባ በአንድ በኩል ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ እኔ የምመርጠው ደብረ ሲናን ወይም ገሊላን ነው። ቱሉ ጉዶ ባቱ አዳር ሲኖር ትሻላለች።

የደሴቶቹ ነባር ነዋሪዎች ዛይዎች ናቸው። ቋንቋቸው ከሐረሪና ከስልጤ ጋር ይዛመዳል። እንግዶቹ እኛ ነን፤ ሰው ፎቶ ከማንሳት በፊት መጠየቅን ለልጆች ቤት እያሉ ይንገሯቸው። ቅዳሜ ዕለት በዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ቢያሳዩአቸው ደግሞ እሁድ ብዙ ጥያቄ ይዘው ይሄዳሉ።

አንድ ነገር ላይ ግን አይደራደሩ። ዋና የለም፣ እግር መንከርም የለም። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ብልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉ፣ ጥገኛው ተውሳክ የሚገባውም በቆዳ በኩል ነው። ጉማሬም አለ። መዋኘት ያማረው ልጅ ካለ ጉዞው ስለ ጀልባና ስለ ወፍ መሆኑን አስቀድመው ይንገሩት፤ ባሕሩ ዳር ደርሶ ከሚያለቅስ ቤት ቢያኮርፍ ይሻላል።

ምሳ ባቱ ላይ ትኩስ የቆሮሶ ጥብስ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀት ለመሻማት ራሰ በራዎቹ አባ ኮዳዎች እየተጋፉ ይመጣሉ፤ ቁመታቸው ከትንሽ ልጅ ስለሚበልጥ የልጅዎን እጅ ይዘው ይመልከቱ።