ከርነሉን ያወፈረው የትኛው ፈንክሽን ነው?

ከሊኑክስ ከርነል ኮድ ጋር አብሮ የሚመጣ «ብሎት-ኦ-ሜትር» የተባለ አጭር የፓይተን ስክሪፕት አለ። ከለውጥ በፊትና በኋላ ኮምፓይል የተደረጉ ሁለት ፋይሎችን ተቀብሎ፣ የትኛው ፈንክሽን ወይም ቫሪያብል ስንት ባይት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ይዘረዝራል። የእያንዳንዱን ሲምቦል (ማለትም ስም ያለው ፈንክሽን ወይም ቫሪያብል) መጠን የሚያገኘው «ኤንኤም» ከተባለው ፕሮግራም ነው፤ የቀረው ስም ከስም እያገናኙ መቀነስ ብቻ ነው።

የሚከብደው ውጤቱን ማንበቡ ነው። ለምሳሌ 80 ባይት የነበረው ፈንክሽን ከዝርዝሩ ቢጠፋና እሱን የሚጠራው ፈንክሽን በ72 ባይት ቢያድግ፣ ኮዱ ተሰርዟል ማለት አይደለም፤ ኮምፓይለሩ ኢንላይን አድርጎ ጠሪው ውስጥ ከቶታል። ስምም ያሳስታል። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር አንድን ፈንክሽን ለተወሰኑ ጥሪዎች ሲያመቻች ስሙ ላይ «ኮንስትፕሮፕ» የሚል ቅጥያ ይለጥፋል። በዚህ ጊዜ ያው ኮድ በአንድ መስመር እንደ ተወገደ፣ በሌላው እንደ አዲስ ሊቆጠር ይችላል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ሲያዩዋቸው ያስደነግጣሉ እንጂ ልዩነታቸው ኢምንት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቀድሞ መታየት ያለበት የድምሩ መስመር ነው። እሱም ቢሆን የፋይሉን መጠን በትክክል አይነግርም፦ መነሻ እሴቱ ዜሮ የሆነ ዳታ ዲስክ ላይ ቦታ ሳይዝ ይደመራል፣ በሲምቦሎች መካከል ለአሰላለፍ የሚተወው ባዶ ባይት ግን አይቆጠርም።